ጋኑ ሳሙና የጠጣ ዕለት

ጋኑ ዳነ! ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ይህንን ለሰው ሁሉ ካልነገርኩ እያልኩ ቁጭ ብድግ ስል ነው የዋልኩት። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው በጋኑ አፍ ላይ ጎንበስ አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። አያቴ አባባ ወርቁ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። እኔ መተንፈስ ትቻለሁ። እትዬ ዘነበች ቀና ብለው በጣሳ ቀዱ፣ አንድ ጉንጭ ያዙ፣ ወዲያ ወዲህ አገላበጡት፣ ዋጡት። ከዚያም ጣሳውን በእርጋታ አስቀመጡ፤ እንደ ዳኛ ነው የሚያደርጋቸው። «ሳሙና የለበትም» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ወርቁ፣ ጋንህስ ድኗል። እጅህ መዳኑን ደግሞ በግንቦት ልደታ እናያለን።» አባባ ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ድምፅ የለውም። ያንን ሳቅ ካየሁት ስምንት ዓመት ሆኖኛል።

አንድ ሸክላ ሳሙና ሳሙና አለመሽተቱ ምን ያስፈነድቃል የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይህንን ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ ትዝታ መጻፍ አለብኝ ማለት ነው። ለእማዬ ይህንኑ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። «አንቺ ነሽ ደግሞ ትዝታ ያለሽ? በአሥራ ሰባት ዓመትሽ? ትናንት አይደል እንዴ ያዘልኩሽ!» እውነቷን ነው፣ ትዝታ የሽማግሌ ሀብት ነው። ግን ሰፈሩ የፈረሰበት ልጅ በአንድ ቀን ያረጃል። እኔ የተወለድኩበት ቤት ዛሬ የለም፤ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ቤቱ የሚያስገባው ቅያስ፣ ቅያሱ አፍ ላይ የነበረው የመብራት እንጨት፣ እንጨቱ ሥር ይቀመጥ የነበረው ጫማ ሰፊ፣ የጫማ ሰፊው ራዲዮ፣ ሁሉም የለም። አሁን ከአራተኛ ፎቅ በረንዳችን ቁልቁል ሳይ ጓሯችን በነበረበት ቦታ ላይ ሦስት መኪና ቆሟል። ነጩ መኪና የቆመው በትክክል ግራዋው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አባባ ግን «የለም፣ ግራዋው ከዚያ ወደ ባቡሩ ሐዲድ ጠጋ ይላል» ይሉኛል። በዚህ ጉዳይ ተስማምተን አናውቅም።

ግቢያችን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ አብነት ሲሄዱ ገባ ብሎ ነበር። ስድስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ግራዋ። ቅያሱ መግቢያ ላይ የጋሽ ከድር ሱቅ ነበረች፤ በሽቦ መረብ የተከለለች፣ ውስጧ ሁልጊዜ ላምባና ብስኩት የሚሸት። ጋሽ ከድር ነጭ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ አንድ ብር ይዞ ለመጣ ልጅ ሦስት ከረሜላ ቆጥረው ይሰጡና «አራተኛዋ ለጥርስሽ ካሣ ናት» ብለው አንድ ይጨምራሉ። ከሱቋ ትይዩ የእትዬ ዘነበች በር ነበር። ከበሩ በላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ተሰክቷል፤ ጠላ አለ ማለት ነው። በእኔ ልጅነት አንዱ ጣሳ አምስት ብር ነበር። አባባ ግን በስሙኒ የጠጡበትን ዘመን እያነሡ «አምስት ብር! በአምስት ብር እኮ እኛ በግ ገዝተን መልስ ይሰጠን ነበር» ይላሉ። እሑድ እሑድ ሽማግሎቹ ሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ደርበው ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ፣ የጫማ ሰፊው ራዲዮ ቀስ ያለ የክራር ዘፈን ይለቃል፣ የእትዬ ዘነበች አግዳሚ ወንበር ይሞላል። እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የማያውቁ አንድ ሰው ቢኖሩ አባባ ነበሩ። እሳቸው የራሳቸውን ነበር የሚጠምቁት።

ወንድ ልጅ ጠላ ሲጠምቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከእሳቸው በቀር አላየሁም። አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሠሩት። ፋይል ለማጣራት በየክፍለ ሀገሩ ይልኳቸው ነበር፤ ሌላው ሠራተኛ አበሉን ቆጥቦ ሲመለስ እሳቸው ባረፉበት ሁሉ ባለቤቲቱን «እንዴት ነው የምትጠምቂው?» እያሉ ሲጠይቁ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ያንን ሁሉ በጓሮ መሞከር ጀመሩ። ለመሸጥ አይደለም፣ ለድግስም አይደለም፣ ዝም ብሎ ለማየት። አንድ ወር የመንዙን ጥቁር ጠላ፣ ገብሱ እስኪከስል ተቆልቶ። አንድ ወር የጎንደሩን ኮረፌ። አንድ ወር የአርሲውን ፋርሶ። አንዴ ደግሞ ከደቡብ የተማሩትን ቦርዴ እንደ አጥሚት አወፍረው አቅርበው ግቢው በሙሉ እየሳቀ በማንኪያ በላው። ልብሳቸውም ልዩ ነበር፤ የመዝገብ ቤቱን ካኪ ጋወን ለብሰው፣ እጅጌውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ብዕር ሰክተው ነው ጌሾ የሚወቅጡት። እትዬ ዘነበች በአጥሩ ቀዳዳ አይተው ዝም አይሉም። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! አንተ ወርቁ፣ ሚስትህ ተነሥታ ብታይህ ምን ትል ነበር?» ይላሉ። አባባም ቀና ሳይሉ «ጌሾ በዝቷል ትለኝ ነበር» ይላሉ።

ከሁሉም የምወደው ካርዱን ነበር። አባባ የመዝገብ ሰው ስለሆኑ ያለ መዝገብ ምንም አይሠሩም። በየጋኑ አንገት ላይ በክር የታሰረ፣ ከፋይል ሽፋን የተቆረጠ ካርድ ይንጠለጠላል፤ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው «የመንዝ። ሁለተኛ ሙከራ። ብቅሉ በዛ። ይጣፍጣል፣ ግን እንደ ዘነበች ምስክርነት ራስ ያሳምማል» ብለው ይጽፋሉ። ምስክር ሁልጊዜ እትዬ ዘነበች ናቸው። ተቀናቃኛቸውም፣ ዳኛቸውም እሳቸው ነበሩ። አዲስ ጋን በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀምሱት እሳቸው ናቸው፤ ፊታቸውን አጨማድደው «ለመዝገብ ቤት ሰው አይከፋም» ካሉ አባባ ያን ቀን እራት አይበሉም፣ ደስታው ያጠግባቸዋል።

ሦስት ጋን ነበረን። ትልቁ ከአባባ እናት ቤት በጭነት መኪና፣ በገለባ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። ሁለተኛው የሙከራ ነበር። ሦስተኛዋ ትንሿ የጋሽ ከድር ናት፤ ጌሾ ነክቷት አያውቅም፣ የገብስ ቀሪቦ ብቻ ነው የሚጠመቅባት። ጋሽ ከድር ከአስር ሶላት በኋላ ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው ይመጣሉ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ይሉና «ወርቁ፣ ቀሪቦዬስ?» ይላሉ። እኔም የምጠጣው ያንን ነበር። ጠላ እስከ ዛሬ አልቀምስም፤ የእኔ ድርሻ አፍንጫና ክንድ ነው። ክንድ ያልኩት፣ የጋን አፍ ጠባብ ስለሆነ የአባባ ክንድ አይገባም ነበር፤ የእኔ ግን እስከ ትከሻዬ ይገባል። ግራዋ ቀንጥሰን፣ አረንጓዴ ጭማቂው እስኪወጣ አሽተን፣ በዚያ ውስጡን ዙሪያውን እፈትገዋለሁ። ሳይረሳኝ ጣቴን ወደ አፌ ከወሰድኩ መራራው እስከ ማታ አይለቀኝም። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ደጋግመን እናለቀልቃለን፣ አባባ በወይራ ያጥኑታል። ሲያጥኑ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይነግሩኛል፦ «ኤልዳና፣ ጋን የገባበትን አይረሳም። ሸክላው ይጠጣል፣ ይይዛል፣ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ስለዚህ ምን እንደምታጠጪው ዕወቂ።»

ይህንን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ሰፈሩ እንደሚነሣ የተነገረን እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ መሄድ ጀመረ። የጎረቤት ግቢ ሲፈርስ ግንቡ በእኛ ግራዋ ላይ ወደቀና ሰበረው። የቀሩት አባወራዎች ግን አንድ ነገር ተስማሙ፦ የዘንድሮን ግንቦት ልደታ እዚሁ እናክብር፣ ከዚያ እንበተን። ግንቦት ልደታ በእኛ ግቢ ከደብሩ ቅርበት የተነሣ ከፋሲካ አያንስም ነበር፤ ንፍሮው በትልቅ ድስት ተቀቅሎ ከቤት ውጭ ይበላል፣ ጠላው ከአባባ ነው። አባባም ለመጨረሻው የማይረሳ ጠላ እጠምቃለሁ አሉ። ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ መግቢያ ላይ ካሉት ሴቶች ጌሾና ብቅል አብረን ገዛን፤ አባባ ብቅሉን በጥርሳቸው እየሰበሩ ሲመርጡ ሻጯ «አባቴ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ምሳዎን ሊበሉ?» አለቻቸው። ካርዱ አስቀድሞ ተጻፈ፦ «የግንቦት ልደታ። የመጨረሻ።»

ትልቁን ጋን ልናጥብ ያሰብን ቀን አባባ ለቤት ጉዳይ ተጠርተው ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ዋሉ። «ስመለስ ግራዋ ፈልጌ አመጣለሁ» ብለውኝ ነው የሄዱት። እኔ ደግሞ ላስደስታቸው ፈለግሁ። ደክሟቸው ሲመጡ ተሠርቶ ቢያገኙት አልኩ። ግራዋው ተሰብሮ ደርቋል። ግን እማዬ ለአዲሱ ቤት ብላ የገዛችው ፈሳሽ ሳሙና ነበር፤ አረንጓዴ ጠርሙስ፣ ሎሚ የተሣለበት። እንዲህ ዓይነት የሚያምር ሽታ በግቢያችን ተሽትቶ አያውቅም። ለእኔ የኮንዶሚኒየም ሽታ ነበር፣ የመጪው ኑሮ። ግማሽ ጠርሙሱን ጋኑ ውስጥ ገለበጥኩት። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ አረፋው በአፉ እስኪገነፍል ፈተግሁት፣ እንዲለሰልስ ብዬ ደግሞ ከነአረፋው ብዙ ሰዓት ተውኩት። ከዚያ አፈሰስኩት፣ ለቀለቅሁት። ንጹሕ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ አልነበረም።

አባባ ሲመጡ ጫማቸው አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ ግራዋ ሳያገኙ ነበር። «ጋኑን አጠብኩት» አልኳቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «በግራዋ?» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ያን ጊዜ «በሳሙና» ብል ምንም አልነበረም። ግን ፊታቸውን አየሁት፣ ደክሟቸዋል፣ ሊደሰቱ ትንሽ ቀርቷቸዋል። አዎ ለማለት አንገቴን ነቀነቅሁ። በቃ፣ አንድ ንቅናቄ። «የኔ ልጅ» አሉና ራሴን ሳሙኝ። ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር አላሸተቱም፤ በወይራ አጠኑት፣ የወይራው ጢስ ሎሚውን ለጊዜው ዋጠው። ጥንስሱ ተጣለ፣ ከቀናት በኋላ ድፍድፉ ገባ። አንድ ቀን አባባ በሌሉበት እትዬ ዘነበች ገብተው ክዳኑን አንሥተው አዩና «ምነው ዘንድሮ ጥንስሱ ዝም አለ?» ብለው ወጡ። አባባ ሲመለሱ ይህንን ነገርኳቸው። «ዘነበች ከፍታው ነበር?» አሉ።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ግማሹ ግቢ ፈርሶ ስለነበር ሰው የተቀመጠው በወደቀው ግንብ ድንጋይ ላይ ነው። ጋሽ ከድር ቀሪቧቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ናቸው። አባባ ጋወናቸው ታጥቦ ተተኩሶ፣ የጋኑን ምርጊት በቢላ ጀርባ ሲያነሡ ነጭ አረፋ ቡፍ ብሎ ወጣ። ሰው አጨበጨበ፤ «አረፋውን እዩት!» ተባለ። እትዬ ዘነበች እንደ ወጉ መጀመሪያ ተቀዳላቸው። አንድ ጉንጭ ያዙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መሬት ላይ ተፉት። «ወርቁ! ልብስ አጥበህበታል እንዴ?»

ሰው ሳቀ። እኔ ዛሬም ያንን ሳቅ እሰማዋለሁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ የግቢ ሳቅ ነው። አባባ ጣሳውን ተቀብለው ቀመሱ። ቀስ ብለው አስቀመጡት። ሁለት ሰዎች ጋኑን አጋድመው ወደ ቦዩ ሲያፈሱት ጠላው አረፋ እየደፈቀ በቅያሱ ወረደ፣ ጫማ ሰፊው እግሩን አነሣ። ሳቁ ቆሞ ነበር። አባባ ከደረት ኪሳቸው ብዕራቸውን አወጡና «የመጨረሻ» ከሚለው በታች ጻፉበት፦ «ተበላሸ። ምክንያቱ ያልታወቀ።» እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ብዕሩ ካርዱን ሲጭር ሰምቻለሁ። «ቤቱ ሲሄድ እጄም አብሮ ሄደ ማለት ነው» አሉ ለጋሽ ከድር።

ከዚያ ወዲህ አልጠመቁም። ስምንት ዓመት።

ዕጣ ደርሶን እዚሁ ልደታ ነው የቀረነው፣ አራተኛ ፎቅ። እትዬ ዘነበች አብነት ልጃቸው ቤት ገቡ፤ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግን አባባና እሳቸው በልደታ ደጅ ሲገናኙ እንደ ሩቅ ሰው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ነው የሚያልፉት። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ኮንዶሚኒየም ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ብዬ አሰብኩ። ትልቁን ጋን አራት ሰው በገመድ ተሸክሞ በረንዳ ላይ አወጣው፤ ውስጡ የልብስ መቆንጠጫ፣ የተሰበረ ጃንጥላ፣ የአሮጌ ስልክ ቻርጀር ተጠራቀመበት። የቀሪቦዋ ትንሿ ጋን ባዶዋን ማዕድ ቤት ጥግ ተቀመጠች። እማዬ በየፋሲካው «ይህንን ነገር እንጣለው፣ ቦታ ያዘ» ትላለች። አባባ በየፋሲካው «መዝገቡ ያልተዘጋ ነገር አይጣልም» ይላሉ። ካርዱ ከአንገቱ አልወረደም። ልብስ ላሰጣ በወጣሁ ቁጥር አነበዋለሁ፦ ምክንያቱ ያልታወቀ። አሥር ዓመት ሆነኝ፣ አሥራ ሦስት ሆነኝ፣ አሥራ ስድስት ሆነኝ፤ ጽሕፈቱ ፀሐይ እየበላው ሄደ፣ እኔ ግን ሳላየውም ማንበብ ቻልኩ።

ጋሽ ከድር ጉልበታቸው እየታመመ እንኳ አራቱን ፎቅ ወጥተው ይመጡ ነበር። ትንፋሻቸው ሲመለስ የመጀመሪያ ቃላቸው ያችው ናት፦ «ወርቁ፣ ቀሪቦዬስ?» አባባም «እጄ ጠፍቷል፣ ከድር። የሱቅ ለስላሳ ጠጣ» ይላሉ። ጋሽ ከድር ይጠጡታል፣ «ስኳር ነው ይሄ» ይላሉ፣ ይስቃሉ። ባለፈው ዓመት ክረምት ሞቱ። ድንኳኑ ውስጥ እኔ ሻይ አቀርብ ነበር፤ አባባ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ለማንም ሳይሆን «አንዲት ብርጭቆ ቀሪቦ ነው የለመነኝ» ሲሉ ሰማኋቸው። ትሪውን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሌላው ሁሉ ምናልባት ይቅር ይባልልኛል። ይህቺን ግን ይቅር የሚለኝ ሰው ሄዷል።

ከዚያ ዘንድሮ የአማርኛ አስተማሪያችን የጻፍኩትን ለክፍሉ አነበቡት። ስለ ባቡር ጣቢያ ነበር የጻፍኩት፣ ቀላል ነገር። ሲያነቡ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ወሬኛው ሁሉ ጸጥ አለ። «አንቺ ልጅ፣ በአፍሽ ከምትናገሪው በብዕርሽ ትሻያለሽ» አሉኝ። ቤት እስክደርስ ይህንን ስደጋግመው መጣሁ። ስምንት ዓመት በአፌ ሞክሬ አልወጣም። ለምን በብዕር አልሞክርም? ረጅም ደብዳቤ ጀመርኩ፣ ቀደድኩት። ሁለተኛውንም። መጨረሻ ላይ በረንዳ ወጣሁና ካርዱን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ምክንያቱ ሳሙና ነው። ግራዋ አልነበረም። ያጠብኩትም፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ኤልዳና።» ጀርባውን ወደ ፊት አዙሬ ተውኩትና መኝታ ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባባ ካልሲያቸውን ለማስጣት ከሰዓት በኋላ ወጡ። መቆንጠጫ ሲፈልጉ ሰማሁ። ከዚያ መቆንጠጫው መንኮሻኮሹን ተወ። መነጽራቸውን ለማምጣት ገቡ፣ ተመልሰው ወጡ። አንድ ባቡር አለፈ፣ ሌላ ባቡር አለፈ። በሩን ሲከፍቱ ካርዱ በእጃቸው ነበር።

«የምን ሽታ ነበረው?» አሉ።

«ምኑ?»

«ሳሙናው።»

«የሎሚ» አልኩ። እንባዬ እየወረደ ነው።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ካርዱን አገላብጠው አዩ። «ሎሚ መሆኑንማ ያኔም አውቄዋለሁ» አሉ። «በአፌ እጄ ጠፋ አልኩ እንጂ፣ በሆዴ ዘነበች ሎሚ ጣለችብኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ክዳኑን ከፍታለቻ። ይኸው ስምንት ዓመት የሰው ስም በሆዴ ይዤ ቆረብኩ።» ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ» አሉኝ። «ይቅርታ የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች ነን።»

አብነት ድረስ በእግራችን ሄድን። እትዬ ዘነበች በር ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር፤ ሲያዩን ሰፌዱን ጭናቸው ላይ ያዙ። «ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉ። አባባ ቆመው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው፤ የጠረጠሩትን፣ እንዳልጠየቁ፣ የእትዬ ዘነበች ባል ሲሞቱ እንኳ የለቅሶ ድንኳኑ በር ላይ ደርሰው እንደተመለሱ። እኔም የራሴን ተናገርኩ። እትዬ ዘነበች ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡ። ቀጥሎ ያሉት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «እኔ ደግሞ በሰው ፊት መትፋቴ ነው ያስቀየመው ብዬ...» አሉና ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ነግሬያለሁ እኮ፣ አንተ ወርቁ! ያንን ጉንጭ ዋጥ ባደርገው ምን ነበር እያልኩ።» ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ! ግማሽ ጠርሙስ? ኧረ እንኳን ጋን፣ ዝሆን ይታጠባል!» ስቀን ልንሞት ነበር። አባባ ግን ያን ቀን አልሳቁም። «ከድርስ?» አሉ ብቻ።

ጋኑን የሚያድኑበትን ያወቁት እትዬ ዘነበች ናቸው። «ሕፃን ጡት እንደሚጥል ነው፤ በአንድ ቀን አይተወውም» አሉ። ጋኑን አራቱን ፎቅ አውርደን የጋራ ማዕድ ቤት፣ ኮሚናል የምንለው ውስጥ አስቀመጥነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ፍል ውኃ እሞላዋለሁ፣ ማታ አፈስሰዋለሁ፣ ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ በግራዋ ይፈተጋል። ግራዋውን እትዬ ዘነበች ከአብነት በፌስታል ይዘው በታክሲ ይመጣሉ። ክንዴ አድጎ ስለነበር አሁን የሚገባው እስከ ክርኔ ብቻ ነው፤ የቀረውን ግራዋውን በዱላ ጫፍ አስሬ ነው የደረስኩበት። የመጀመሪያ ቀን በወይራ ስናጥን ጥበቃው ባልዲ ይዞ እየሮጠ መጣ። «እሳት! ማን ነው ኮሚናል ያቃጠለው?» እትዬ ዘነበች ቀና ብለው «አንተ ልጅ፣ ወይራ ነው፣ አሽትተውና ተማር» አሉት። አሽትቶ ቆየና ባልዲውን አስቀምጦ አጠገባችን ተቀመጠ፤ እናቱ ገጠር እንዲህ ታደርግ ነበር አለ። ለሙከራ የጠመቅነው የመጀመሪያው ቅራሪ አሁንም ሎሚ ሎሚ አለ፣ ደፋነው። ሁለተኛው የሩቅ ሎሚ ሽታ ነበረው፣ ደፋነው። ሦስተኛው የትናንቱ ነው።

ትናንት ሁሉም ከሄደ በኋላ አባባ ብዕራቸውን አወጡ። ካርዱን በጋኑ ሆድ ላይ አስደግፈው፣ ከእኔ ጽሑፍ በታች ጻፉ፦ «ምክንያቱ ታወቀ። መዝገቡ ተዘግቷል።» ከኪሳቸው ደግሞ ሌላ አዲስ ካርድ አወጡና ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ። «የዘንድሮውን አንቺ ጻፊው» አሉኝ። ምን ብዬ እንደጻፍኩ አሁን አልነግራችሁም፤ መጥታችሁ አንብቡት።

ምክንያቱም ይህንን የምጽፈው ልጠራችሁ ነው። ግንቦት ልደታ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ጥንስሱ ነገ ይጣላል። ድሮ ግቢያችን የነበራችሁ፣ ቅያሱን የምታውቁ፣ ጣሳው ተደፍቶ ያያችሁ፣ ወይም የራሳችሁ ግቢ ፈርሶባችሁ የት እንደምታከብሩት ግራ የገባችሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ኑ፤ መኪኖቹ ይነሡልናል ብለውናል፣ ንፍሮው እዚያው ነጩ መኪና ከሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ጠላ ለማይጠጣ ቀሪቦ አለ፤ ትንሿን ጋን ሳሙና ነክቷት አያውቅም። ከእሷ የመጀመሪያው ማሰሮ ወደ ጋሽ ከድር ቤት ይሄዳል፣ የሚቀጥለው የእናንተ ነው። ብርጭቆ ስለሚያንሰን የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ብቻ አደራ፣ ስትመጡ በንጹሕ ውኃ ብቻ ለቅለቅ አድርጉት።